ካርቶን ላይ የቀሩ እግሮች

ማስቲሽ ሲሸት ሌላውን ሰው ራሱን ያዞረዋል፣ እኔን ግን አንድ ዓመት ሙሉ ወደ ኋላ ይመልሰኛል። ባለፈው ቅዳሜም እንዲሁ ሆነ። ከጎባ ወደ ሮቤ የመጣሁት ጫማ ላሠራ ነበር። እግሬ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የሱቅ ጫማ አልቀበል ብሎኛል፤ ጠዋት በደህና የገባልኝ ጫማ ማታ ታግዬ ነው የማወልቀው። አስተማሪ ነኝ። ሥራሽ ምንድን ነው ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው እውነቱን ብናገር መቆም ነው የምለው። ጠዋት በአንዱ ፈረቃ እቆማለሁ፣ ከሰዓት በሌላው እቆማለሁ፣ በመካከሉ ደግሞ ሚኒባስ ጥበቃ እቆማለሁ።

ወንድሜ ኪሩቤል ከገበያው ጫፍ፣ ባጃጆቹ ከሚሰለፉበት አጥር ሥር ባለችው የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ጫማ ይሠራል። ስደርስ ከሲናና የመጡ ሁለት ገበሬዎች ቀድመውኛል። ኪሩ ከያዘው ሶል ላይ ቀና ብሎ አየኝና "ተራሽን ጠብቂ፤ እዚህ ቤት እህት አይቀድምም" አለኝ። ገበሬዎቹ ሳቁ፤ አንደኛው በኦሮምኛ ግቢ፣ ተቀመጪ ብሎ አግዳሚው ላይ ጠጋ አለልኝ። ተቀመጥኩ። የማስቲሹ ቆርቆሮ ክዳኑ ክፍት ነበር። ዓይኔን ጨፈንኩ፣ ሰባተኛ ክፍል የነበርኩበት ዓመትም መጣብኝ። ጠርቼው አይደለም። እንደሱ ያለውን ዓመት ማንም ወዶ አይጠራም።

ያ ዓመት ለሌላው ሰው ምንም የተለየ ነገር አልነበረውም። ገብሱ እንደ ወትሮው ደረሰ፤ የሮቤ ጭቃም እንደ ወትሮው የሰዉን ጫማ ከእግሩ ላይ ሲነጥቅ ከረመ። ጭቃው ለእኛ ቤት ሲሳይ ነበር፤ ይቺ የቆርቆሮ ቤት ያን ጊዜ የአያቴ ነበረችና። እኛ ልጆቹ አባባ እንላቸዋለን፣ ገበያተኛው ደግሞ ኦቦ ወልዴ ይላቸዋል። ከገበሬ ጋር በኦሮምኛ፣ ከቄስ ጋር በአማርኛ፣ ከቆዳ ጋር ደግሞ በስድብ ነበር የሚነጋገሩት።

አባባ ሰው ሲመጣ ፊቱን ከማየታቸው በፊት ጫማውን ገልብጠው ሶሉን ያያሉ። "ይኼ ሰውዬ ቀኝ ጉልበቱን ያመዋል" ይላሉ። "ይቺ ልጅ ነፍሰ ጡር ሳትሆን አትቀርም፤ ክብደቷን ሁሉ ተረከዟ ላይ ጥላዋለች።" ሴትየዋ ገና ለባሏ ያልነገረችውን አባባ ከታኮዋ ያነቡታል። ሰው ይገረማል፤ እሳቸው ግን የሚያስገርም ነገር ያደረጉ አይመስላቸውም።

አዲስ ጫማ የሚያሠራ ሰው ሲመጣ ደግሞ አንድ የማይታለፍ ሕግ ነበራቸው። ካርቶን መሬት ላይ ይዘረጋሉ፣ ሰውየው ባዶ እግሩን ካርቶኑ ላይ ይቆማል፣ አባባ ተንበርክከው እግሩን ዙሪያውን በእርሳስ ይሥሉታል። ቁጭ ብሎ እግሩን የሚዘረጋላቸውን ሰው አይለኩም። "የተቀመጠ እግር ውሸታም ነው፤ ሸክም ሲያርፍበት ነው ልኩ የሚታወቀው" ይላሉ። አንድ ጊዜ አንድ ትልቅ ሹም ወንበር ላይ እንደተቀመጠ እግሩን ሰደደላቸው። አባባ ምንም ሳይናገሩ እርሳሳቸውን ይዘው፣ ሹሙ ግራ ገብቶት እስኪነሣ ድረስ ጠበቁት። የተሣሉት ካርቶኖች ስም ተጽፎባቸው ግድግዳው ላይ ካለው ሚስማር ይሰቀላሉ። የሮቤ ግማሹ ሰው እዚያ ሚስማር ላይ ነበር ማለት ይቻላል።

ኪሩ ግን እዚያ አልነበረም። ያን ጊዜ አራት ዓመቱ ነበር፣ አይሄድም። ዓመት ሳይሞላው ወንበር ይዞ መቆም ጀምሮ ነበር፤ እማዬና ጎረቤቶቹ ከበውት እያጨበጨቡ "ወፌ ቆመች! ወፌ ቆመች!" ሲሉት አስታውሳለሁ። ከዚያ ትኩሳት ያዘው። ትኩሳቱ ለቀቀው፣ የእግሮቹ ጉልበት ግን አብሮ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ይድሃል። አባታችን የአይሱዙ ሹፌር ስለነበር በወር አንዴ ብቅ ቢል ነው። እማዬ ቀን መዝገብ ቤት ትሠራለች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ኪሩን አዝላ ጸበል ትወስደዋለች። አባባ ለሮቤ ሕዝብ ሁሉ ጫማ ሠርተው ለገዛ የልጅ ልጃቸው አልሠሩለትም። ሰው ሲጠይቃቸው "ሲቆም" ብለው ያልፉታል።

እኔ በዚያ ዓመት የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ኪሩ ቆሞ፣ አባባ እግሩን ካርቶን ላይ ሥለው፣ ከሮቤ ሰው ጋር ሚስማሩ ላይ እንዲሰቅሉት።

ቲቸር ከድር የማኅበራዊ ሳይንስ አስተማሪያችን ነበሩ። ለትምህርቱ የሚሆን ሥዕል ስላልነበረ ራሳቸው በማዳበሪያ ጆንያ ላይ በቀለም ሥለው አመጡ። ሰሌዳው ላይ ሲሰቅሉት ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አምስት ፍጡሮች ተከታትለው ይሄዳሉ። የመጀመሪያው በእጁም በእግሩም ነው የሚሄደው። ሁለተኛው ጎብጧል። ሦስተኛው ሆዱ ላይ የጆንያው "50 ኪ.ግ" የሚል ጽሑፍ በቀለሙ ውስጥ ጎልቶ ይታያል። አራተኛው ቀና ሊል ምንም አልቀረውም። አምስተኛው ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ እጁ ባዶ ነው፣ ምንም አልተደገፈም። ጢሙ የራሳቸው የቲቸር ከድር ጢም ነበር።

"ሳቁ፣ ሳቁና ጨርሱ" አሉን። ከዚያ ስለ ድንቅነሽ ነገሩን። እዚሁ አገራችን አፋር ውስጥ ስለተገኘችው፣ ከሦስት ሚሊዮን ዓመት በላይ ስላስቆጠረችው። ጉልበቷና ዳሌዋ በሁለት እግሯ ትሄድ እንደነበር ይመሰክራል፤ ጭንቅላቷ ግን ከቺምፓንዚ ጭንቅላት ብዙም አይበልጥም ነበር አሉ። "ስለዚህ መጀመሪያ ቆምን። ብዙ ማሰብ የመጣው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው።" ከኋላ አንዱ "ቲቸር፣ እኛ ገና መቆሙ ላይ ነን ማለት ነው" ሲል እሳቸውም ሳቁ። ቀጥለውም መቆም በነጻ እንዳልመጣ ነገሩን። የወገብ ሕመም፣ የጉልበት ሕመም፣ የእናቶች ምጥ መክበድ፣ ይኼ ሁሉ በአራት ይሄድ የነበረ አካል በሁለት እንዲሄድ ከመደረጉ ጋር የተያያዘ ነው አሉ። እኔ ይኼን የሰማሁት በአንድ ጆሮዬ ነው። ዓይኔ ከመጀመሪያው ፍጡር ላይ አልነቀል ብሎ ነበር።

አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅም አየችው። በጣቷ እያሳየች ለጓደኛዋ "የነመሲ ኪሩ" አለቻት። በክፋት አልነበረም፤ የሚያውቁትን ሰው መንገድ ላይ አይቶ እንደማለት ነው። መሲ ማለት እኔ ነኝ። ፊቴ እስከ ጆሮዬ ድረስ ጋለ። በአሥራ ሁለት ዓመት ጭንቅላቴ ነገሩ ግልጽ ሆኖ ታየኝ፤ ይኼ ሰልፍ ነው፣ ወንድሜ የሰልፉ መጨረሻ ላይ ቀርቷል፣ የሚያመጣው ሰው ያስፈልጋል። ሰው ሁሉ ይኼን ያህል ሚሊዮን ዓመት ፈጅቶ ከቆመ እኔ ኪሩን እስከሚቀጥለው መስከረም አቆመዋለሁ አልኩ።

በማግሥቱ ጀመርን። ከትምህርት ቤት ስመለስ ኪሩን ጓሮ ካለው የባሕር ዛፍ አጥር ጋር አስደግፌ አቆመዋለሁ። በብብቶቹ ይዤው ነው እንጂ እግሮቹ ከሥሩ እንደ እርጥብ ጨርቅ ነበር የሚታጠፉት። ከዚያ እጄን ቀስ አድርጌ አወጣለሁ። እያጨበጨብኩ ብቻዬን "ወፌ ቆመች! ወፌ ቆመች!" እላለሁ። ኪሩ መጀመሪያ ሰሞን ጨዋታ መስሎት ይስቅ ነበር። ይወድቃል፣ ይስቃል፣ አነሣዋለሁ። ኅዳር ሲጋመስ ሳቁ ቀረ።

"እቴቴ፣ ልደገፍሽ" ይለኛል ትከሻዬን እየፈለገ።

"አይቻልም። አምስተኛው ሰውዬ ምንም አልተደገፈም።"

"የቱ ሰውዬ?"

"ጆንያው ላይ ያለው።"

በግንባሩ ትከሻዬን ሲያገኝ ትከሻዬን ከሥሩ አወጣለሁ። ይወድቃል። አሁን ሳስበው እጄ እስኪዝል ድረስ ነበር የማነሣው፤ እሱም እስኪዝል ድረስ ነበር የሚወድቀው። ማታ እራት ላይ ሁለታችንም ጉርሻ ጨብጠን እናንቀላፋ ነበር። እማዬ "እናንተ ልጆች ምን ስትሠሩ ነው የምትውሉት?" ስትል ጉርሻችንን አፋችን ውስጥ እንከታለን።

ለአባባ ግን ትምህርቱን ነገርኳቸው። እማዬ ከወጥ ቤት ሰምታ "ሥላሴ በአምሳላቸው የፈጠሩትን ሰው ደግሞ ዝንጀሮ አደረጉት?" አለች። አባባ ግን ሥራቸውን አቆሙ። "እግር ከጭንቅላት ቀደመ ነው ያለው ይኼ መምህር?" አሉኝ። ነገሩ ሳያስደስታቸው አልቀረም።

ከጥቂት ቀን በኋላ ቲቸር ከድር ራሳቸው የተቀደደ ጫማ ይዘው መጡ። እኔ ለአባባ ምሳ አምጥቼ ከኪሩ ጋር እዚያው ነበርኩ። አባባ ጫማውን ገለበጡት።

"መምህር፣ አንተ ስትቆም ግራህ ላይ ነው የምትጥለው። ስትጽፍ መሆን አለበት።"

ቲቸር ከድር እግራቸውን አዩ። "እንዴ ኦቦ ወልዴ! የት አዩኝ?"

"ሶሉ ነገረኝ። ልጅቱ የምትለው እውነት ነው? እግር ቀደመ?"

"የተገኘው አጥንት እንደዚያ ነው የሚለው።"

"እኔ እግዜር ከአፈር አበጀን ብዬ ነው የማምነው፤ በዚህ ዕድሜዬ አልለወጥም። ከእግር ተጀመረ የሚለው ግን ደግ ነገር ነው። እኔም ብሆን ከሶሉ ነው የምጀምር።"

ቲቸር ከድር ከልባቸው ሳቁ። "የኔ አባት ይኼን ስነግራቸው አስተግፊሩላህ ብለው ነው የተነሡብኝ፤ እርስዎ ይሻላሉ" አሉ። ከዚያ ስለ አውራ ጣት አወሩላቸው። የዝንጀሮና የጦጣ የእግር አውራ ጣት እንደ እጅ አውራ ጣት ወደ ጎን የወጣ ነው፤ የኛ ግን ከሌሎቹ ጣቶች ጋር ተሰልፎ ስንራመድ መሬቱን የሚገፋው እሱ ሆነ። አባባ የመምህሩን ጫማ እንደገና ገልብጠው በአውራ ጣት ሥር የተበላውን ቦታ በጥፍራቸው ነካ ነካ አደረጉት። "አርባ ዓመት እዚችው ጋ ስጠግን ምክንያቱን የነገረኝ ሰው የለም" አሉ።

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ከቁርጥራጭ ቆዳው ክምር ውስጥ የሚጫወተውን ኪሩን በዓይናቸው አመለከቱና "የማይቆመውስ? የሱን አጥንት አግኝተው ያውቃሉ? ምን አደረጉት?" አሉ።

ቲቸር ከድርም ወደ ኪሩ አዩ። "አላውቅም፣ ኦቦ። አንብቤ እነግርዎታለሁ" አሉ። እኔ ተናደድኩ። ኪሩ ይቆማል፤ ምን የሚያስጠይቅ ነገር አለው ብዬ።

ጥር ላይ እማዬ ኪሩን ጎባ ሆስፒታል ወሰደችው፤ እኔም አብሬ ሄድኩ። ሐኪሙ ብዙ ጊዜ ወስዶ መረመረው፣ በመዶሻ ጉልበቱን መታ መታ አደረገው፣ አጫወተው። በመጨረሻ ለእማዬ በዝግታ ነገራት። የእግሮቹ ጉልበት አይመለስም። ሲያድግ በክራንች ሊሞከር ይችላል። እጆቹ ጠንካራ ናቸው፣ አእምሮው ንቁ ነው፣ ትምህርት ቤት ይግባ። እማዬ አመሰገነችው፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ኪሩን አዘለች። በመልሱ ሚኒባስ ውስጥ ዓይኗን ጨፍና ሮቤ ልንደርስ ስንል "ደከመኝ" አለች። እማዬ ደከመኝ ስትል ሰምቼ አላውቅም ነበር። የመንገዱ ድካም መሰለኝና "ስንደርስ ትተኛለሽ" አልኳት። ራሴን ዳሰሰችኝ።

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ አባባ "ልጁን አምጡልኝ" ብለው ላኩብን። እማዬ አዝላው ሄድን። ካርቶን መሬት ላይ ተዘርግቷል። አባባ ተንበርክከዋል፣ እርሳሱም ተቀርጿል። ልቤ ዘለለ።

"ና ኪሩ፣ ውጣበት" አሉት።

ኪሩ እየዳኸ ካርቶኑ ላይ ወጣ። አባባ እርሳሱን ወደ እግሮቹ አልወሰዱትም። አንደኛውን ጉልበቱን ዙሪያውን ሣሉት፣ ከዚያ ሁለተኛውን፣ ከዚያ መዳፎቹን አንድ በአንድ። ኪሩ ይኮረኩረኛል እያለ ይስቃል። እማዬ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። እኔ ያየሁት ግን ጆንያውን ነው። አባባ ኪሩን የመጀመሪያው ፍጡር አድርገው ፈረሙበት ብዬ ነው የተረዳሁት።

"ቆሞ ነው የሚለካው ብለው የለ!" ብዬ ጮህኩ።

አባባ ቀና ብለው አላዩኝም። "ቆሟል እኮ። ክብደቱ የት እንዳረፈ አይታይሽም?" አሉ።

በሁለት ቀን ውስጥ ሠርተው ጨረሱት። ላዩ የፍየል ሌጦ፣ ሥሩ ከጎማ የተቆረጠ፣ ውስጡ ስፖንጅ ያለው፣ ከጉልበት ኋላ የሚታሰር ጥንድ የጉልበት ጫማ። ለመዳፉም ትንሽ ነገር ሠርተውለታል። ኪሩ እንደዚያ ሲደሰት አይቼው አላውቅም። ሲሚንቶው ላይ ጧ ጧ እያደረገ ጎረቤቱን ሁሉ ዞረ። "ጫማ አለኝ! አባባ ሠሩልኝ!" ይላል ለሰውም፣ ለዶሮም። ጓሮ ስጠራው አልመጣም አለኝ፤ "እሄዳለሁ" ብሎ ወደ መንገዱ ዞረ።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እሱ ተኝቶ ሳለ ጫማዎቹን ማሰሪያቸውን አንድ በአንድ ፈትቼ ወሰድኳቸው። ሻያ ወንዝ ድልድይ ድረስ ሄጄ ወረወርኳቸው። ወንዙ ላይ ትንሽ ተንሳፍፈው ሰመጡ። ቅር አላለኝም። ኪሩን ያዳንኩት ነበር የመሰለኝ። ቤት ስመለስ ውሻ ወሰደው አልኩ። ኪሩ ውሻውን ሲፈልግ ዋለ። አባባ ሰሙ፣ ምንም አላሉም፤ ሌላም አልሠሩለትም።

መጋቢት ገባ፣ በባሌ ጋና የሚባለው የበልግ ዝናብ ጀመረ። ወደ ትምህርት ቤት የሚወስደው መንገድ በዚያ ሰሞን ጠጠር ፈሶበት ነበር፤ በጫማ እንኳ የሚወጋ ጠጠር። አንድ ቀን ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ቲቸር ከድር ስለ ጥንቱ ሰው መሣሪያ ሲያስተምሩ በሩ ተገፋ። ሰው አይታይም። ከዚያ ወደ ታች አየን። ኪሩ ነበር። አንገቱ ድረስ ጭቃ ነው። ሱሪው ከጉልበቱ ተቀዶ፣ ጉልበቶቹ ደም በደም ሆነዋል። ከቤት እስከዚያ ድረስ ጠጠሩን በባዶ ጉልበቱ መጥቷል።

"እቴቴ፣ መጣሁ" አለኝ። በኩራት ነው ያለኝ።

አንድም ልጅ አልሳቀም። እኔ ከቦታዬ መነሣት አቃተኝ። ቲቸር ከድር አንሥተው ወንበራቸው ላይ አስቀመጡት፣ ለሶላት የሚታጠቡበትን የፕላስቲክ ማንቆርቆሪያ አምጥተው ጉልበቱን አጠቡለት፣ በመሐረባቸው አሰሩለት። "ይኼን ሁሉ መንገድ ብቻህን?" አሉት። "አዎ፤ ፈጥኜ ነው የመጣሁት" አለ።

ከዚያ ከመስኮቱ አጠገብ ተሰቅሎ የከረመውን ጆንያ አወረዱት። አጣጥፈው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። "ይኼ ሥዕል አሳስቷችኋል። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ለመሣል ስለቀለለኝ ሰልፍ አስመስዬ ሣልኩት" አሉ። ጠመኔ አንሥተው ሰሌዳው ላይ ቅርንጫፉ የበዛ ቁጥቋጦ ሣሉ። "እንዲህ ነበር። አንዱ እዚህ ይወጣል፣ ሌላው እዚያ፤ ብዙው ይደርቃል። ማንም ማንን እየተከተለ አልተሰለፈም፤ ማንም ወደ ኋላ የቀረ የለም።" ከዚያ ለአባባ ቃል የገቡትን መልስ ለክፍሉ ነገሩ። ስለማይቆም ሰው አጥንት እስካሁን አላነበብኩም አሉ፤ ያነበብኩት ግን ጥርሱን ሁሉ ስላጣ አንድ የጥንት ሰው ነው። ድዱ ከተዘጋ በኋላ ዓመታት ኖሯል። በዚያ ዘመን ያለ ጥርስ ለመኖር ምናልባት ሌላ ሰው ምግቡን አድቅቆ ሳይሰጠው አልቀረም ይባላል። "ከቆምን በኋላ እጃችን ነጻ ወጣ ብያችሁ ነበር። ምን እንደሠራንበት ግን አልነገርኳችሁም ነበር።"

ወደ ኪሩ ዞሩ። "አያትህ የሠሩልህ ጫማስ የት አለ?"

"ውሻ ወሰደው" አለ ኪሩ።

እጄን አወጣሁ። መልስ እንደምመልስ ሁሉ እጄን አውጥቼ ተነሣሁ። "እኔ ነኝ ወንዝ የጣልኩት" አልኩ። ቲቸር ከድር ኩርኩም አላቀመሱኝም፣ አልጮሁብኝምም። "ለኔ አይደለም፤ ለአያትሽ ንገሪ። ተሸክመሽው ሂጂ፣ ፈቅጄልሻለሁ" አሉኝ።

አዝዬው ሄድኩ። እማዬ በየቅዳሜው ይኼን ክብደት ነበር የምትሸከመው፤ ያን ቀን ነው ያወቅኩት። ግማሽ መንገድ ላይ በጆሮዬ "ውሻው አንቺ ነሽ?" አለኝ። "አዎ" አልኩት። ጥቂት አሰበና ጉንጩን ጀርባዬ ላይ አሳረፈ።

አባባ ነገሩን እስክጨርስ ድረስ መስፋታቸውን አላቆሙም። ስጨርስ ወስፌያቸውን አስቀመጡ።

"አውቄዋለሁ" አሉ። "ውሻ ማሰሪያ አይፈታም። ቢበጥሰው ክሩ ይቀር ነበር።"

"ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?"

"ደክሞኝ ነው፣ ልጄ።" ለመጀመሪያ ጊዜ ሽማግሌ መሆናቸውን አየሁ። ዓይናቸው ቀልቷል፣ ጣቶቻቸው ከማስቲሽ ብዛት ጠቁረዋል። "እናትሽ ደክሟታል። አንቺም ደክሞሻል፤ እዚያ አጥር ሥር ስታለቅሺ እሰማ ነበር። ያልደከመው ይኼ ልጅ ብቻ ነው። እሱ መሄድ ነው የሚፈልገው። መቆሙን የምንፈልገው እኛ ነን።"

ከዚያ ካርቶን አንሥተው መሬት ላይ ዘረጉ። "ያዢልኝ፣ እንዳይንሸራተት" አሉኝ። ተንበርክኬ ጠርዙን ያዝኩ። ኪሩ የታሰረውን ጉልበቱን እየተጠነቀቀ ወጣበት። አባባ እርሳሱን በጉልበቶቹና በመዳፎቹ ዙሪያ አዞሩ። ሲጨርሱ ስሙን ጻፉበትና ሚስማሩ ላይ ከሮቤ ሰው ሁሉ በላይ ሰቀሉት።

አሁንም አለ። ባለፈው ቅዳሜ አግዳሚው ላይ ሆኜ አየሁት። ካርቶኑ ቢጫ ሆኗል፤ ሁለት ጉልበቶች፣ ሁለት ትንንሽ መዳፎች፣ ከሥራቸውም በአባባ ጽሕፈት "ኪሩቤል። ቆሞ የተለካ" ይላል።

ገበሬዎቹ ጨርሰው ሲወጡ ኪሩ "ጫማሽን አምጪ" አለኝ። በእጅ የሚነዳው ባለ ሦስት እግር ብስክሌቱ በሩ ላይ ቆሞ ብርሃኑን ስለጋረደው ጫማዬን ወደ አምፖሉ አስጠግቶ ገለበጠው። ሶሉን አየ፣ የተበላውን ቦታ በጣቱ ዳሰሰ።

"ቀኙን እየጎተትሽ ነው። ከመቼ ወዲህ ነው?"

"ከገና ወዲህ።"

"ሐኪም አይቶታል?"

"ጊዜው የታለና።"

ካርቶን መሬት ላይ ዘረጋ፣ በእጆቹ ተደግፎ ከመቀመጫው ወረደና አጠገቡ ተቀመጠ። "ቁሚ" አለኝ።

"ኪሩዬ፣ ለዛሬ ቁጭ እንዳልኩ ብትለካኝ ምን አለበት? ሳምንቱን ሙሉ ቆሜ ነው የዋልኩት።"

እርሳሱን ይዞ ጠበቀኝ። አባባ ያንን ሹም እንደጠበቁት ነው የጠበቀኝ። ሌላ ምርጫ አልነበረኝም። አንድ እጄን ጉልበቴ ላይ፣ ሌላውን ግድግዳው ላይ አድርጌ፣ እያቃሰትኩ ተነሣሁ። ኪሩ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰካና በሁለት ደንዳና መዳፎቹ አጨበጨበልኝ።

"ወፌ ቆመች! ወፌ ቆመች!"

ሳቄ መጣ፤ እንባዬም አብሮ መጣ። ካርቶኑ ላይ ስወጣ ቀኝ እግሬ ከዳኝና ተንገዳገድኩ።

"ተደገፊኝ" አለኝ፣ ትከሻውን እያስጠጋ።

እጄን ትከሻው ላይ አሳረፍኩ፤ መጀመሪያ በፍርሃት፣ ከዚያ ክብደቴን ሁሉ። እርሳሱን ከተረከዜ ኋላ አስነሥቶ፣ በውስጠኛው በኩል አዙሮ፣ አምስቱንም ጣቶቼን አንድ በአንድ ሣለ። ጨርሶ እርሳሱን እስኪያስቀምጥ ድረስ ትከሻው ንቅንቅ አላለም።